የፓምፓው አየርላንዳውያንን በብስክሌት ፍለጋ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

(በዚህ አምድ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብሊን ነው። ቅዳሜና እሁድ አብሮኝ ብስክሌት የሚነዳ አንድ የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ የዌስትሚዝ አውራጃ ሰው ነው። የቅድመ አያቱ ወንድም ወደ አርጀንቲና ሄዶ በዚያው እንደቀረ ሲወራ እየሰማ አድጓል። አሁን ብስክሌቶቻችንን በአውሮፕላን አስጭነን፣ ከቦነስ አይረስ እስከ ቬናዶ ቱዌርቶ ከተማ እየነዳን፣ እንደ እርሱ የሄዱትን አየርላንዳውያን ልጆችና የልጅ ልጆች ለመጠየቅ አስበናል። ሰዎቹን ዛሬም አየርላንዳውያን ሆነው እናገኛቸው ይሆን? መንገዱንስ በየት በኩል ብናደርገው ይሻላል? — ከደብሊን

መልስ፦ ሐሳባችሁ ቀዳሚ አለው፤ አቅጣጫው ግን የእናንተ ተቃራኒ ነበር። ዊልያም ቡልፊን የተባለ የኦፋሊ አውራጃ ሰው በ1884 ወደ አርጀንቲና ተሰድዶ፣ ጥቂት ዓመታት ፓምፓ በሚባለው የአገሩ ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ ከሠራ በኋላ «ዘ ሰዘርን ክሮስ» የተባለው የስደተኞቹ ጋዜጣ አዘጋጅ ለመሆን በቃ። በ1902 ወደ ትውልድ አገሩ ሲመለስ አየርላንድን በብስክሌት እየዞረ ያየውን ሁሉ ለጋዜጣው በደብዳቤ መልክ ይልክ ስለነበር፣ በሜዳው ላይ የቀሩት ወገኖቹ የአባቶቻቸውን መንደሮች በእርሱ ዓይን አዩ። ቦነስ አይረስ የተወለደው ልጁ ኤይመን ደግሞ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ በተነሳው የ1916ቱ የደብሊን አመፅ በዋናው ፖስታ ቤት ጣሪያ ላይ ባንዲራ ሰቅሏል፤ የሞት ፍርድ ከተፈረደበት በኋላም የአርጀንቲና ተወላጅ በመሆኑ ነፍሱ ተርፎ ወደዚያው ተባርሯል። ባልደረባዎ ይህን ታሪክ ሳያውቀው አይቀርም፤ ካላወቀ ግን ከጉዞው በፊት ይንገሩት። በ1875 የተመሠረተው ጋዜጣ ዛሬም፣ በአመዛኙ በስፓኒሽ፣ እየታተመ ስለሆነ፣ ከመነሳታችሁ አስቀድማችሁ የምትፈልጉትን ቤተሰብ ስም ጠቅሳችሁ ብትጽፉለት ብዙ ድካም ያስቀርላችኋል።

አየርላንዳውያን ሆነው እናገኛቸው ይሆን ላሉት፣ ሁለተኛ ዌስትሚዝ አገኛለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው ያዝናል። የምታገኟቸው ሰዎች ስፓኒሽ የሚናገሩ፣ ማቴ የተባለውን እንደ ሻይ ያለ የቅጠል መጠጥ የሚጠጡ፣ ስለ እግር ኳስ እንደ ማንኛውም አርጀንቲናዊ ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከሩ አርጀንቲናውያን ናቸው። ሆኖም የዘር ሐረጋቸውን ይቆጥራሉ፤ እንግዳ ሲመጣ «የማን ወገን ነህ? ከየትኛው አጥቢያ?» ብሎ መጠየቅ ለእኛ አዲስ ያልሆነውን ያህል ለእነርሱም አዲስ አይደለም። ስለዚህ ባልደረባዎ የአውራጃውን ስም ብቻ ሳይሆን የአጥቢያውን ስም ይዞ ይሂድ፤ እንደ ኬሊ ወይም መርፊ ያለ የብዙ ሰው ስም ብቻውን የትም አያደርስም። በሜርሴዴስና በሳን አንቶኒዮ ደ አሬኮ ከተሞች የመቃብር ስፍራዎች በእንግሊዝኛ የተቀረጹ የድሮ ድንጋዮችን ስታዩ ከሟቹ ስም ሥር የመጣበት አውራጃ፣ አንዳንዴም አጥቢያው ጭምር ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ ከማንኛውም ሙዚየም ይልቅ ለእነዚህ ድንጋዮች ግማሽ ቀን ብትሰጡ እመርጣለሁ።

ይህ ማኅበረሰብ በዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ ሳይበተን የቆየው በአብዛኛው በካህናቱ ጥረት ነው። በ1844 ቦነስ አይረስ የደረሱት የጎልዌይ ተወላጅ አባ አንቶኒ ፋሂ፣ በ1871 እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ፣ ለስደተኛው ካህን ብቻ አልነበሩም፤ አዲስ መጤውን ከበግ ባለቤቶች ጋር ያገናኛሉ፣ ገንዘቡን ያስቀምጡለታል፣ ወደ አገር ቤት ይልኩለታል፣ ለትዳር የምትሆነውንም ያፈላልጉለታል። በየከተማው የሚገኙት የጥምቀትና የጋብቻ መዝገቦች የዚህ ሥራ ቅርስ ናቸው። መዝገቡን ለማየት በሰበካ ቢሮው በር ላይ ድንገት ከመቆም ቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ይገባል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ አገሩ ሁሉ በሩን ዘግቶ ስለሚያርፍ፣ ምግብና ውኃም ቢሆን ከዚያ በፊት መገዛት አለበት።

ወደ መንገዱ ስንመጣ፣ ከቦነስ አይረስ መሀል ተነስታችሁ እንዳትነዱ እመክራለሁ። በሳርሚየንቶ ባቡር መስመር ብስክሌት የሚጫንበት ፉርጎ ስላለ እስከ ሞሬኖ በባቡር ሄዳችሁ፣ በሉሃን በኩል ሜርሴዴስ ግቡ፤ ከዚያ በክፍለ አገሩ 41 ቁጥር መንገድ፣ ሳን አንድሬስ ደ ሂሌስን አልፋችሁ፣ ሳን አንቶኒዮ ደ አሬኮ ትደርሳላችሁ። በአቅራቢያው ያለችው ዱጋን የተባለች ትንሽ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከአየርላንዳዊው የባለርስቶች ቤተሰብ ነው። ከአሬኮ በኋላ ቀጥተኛው ጎዳና በአሬሲፌስና በፔርጋሚኖ በኩል ወደ ቬናዶ ቱዌርቶ የሚዘልቀው ብሔራዊ መንገድ ቁጥር 8 ነው፤ እህል የጫኑ ከባድ መኪኖች የሚተራመሱበት ስለሆነ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ያንን ክፍል በአውቶቡስ ብታልፉት ምንም የሚቀርባችሁ ነገር የለም። በአፈሩ መንገዶች መንዳት ደስ የሚለው ሰማዩ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ነው፤ ዝናብ ከጣለ ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል እየታጨቀ መንኮራኩሩን ስለሚያቆመው፣ ብስክሌቱን መሸከም ይመጣል። አገሩ ሜዳ ነው ተብሎ መታለልም አያስፈልግም፤ የዚያ አገር አቀበት ነፋሱ ነው፤ በተለይ ከደቡብ ምዕራብ የሚነሳው ፓምፔሮ የሚሉት ብርዳም ነፋስ በግንባር ከመጣ የቀኑን ዕቅድ በግማሽ ይቀንሱ። ማርች አጋማሽ ላይ ብትደርሱ ሙቀቱ በርዷል፣ የቅዱስ ፓትሪክ በዓልም ማርች 17 ይውላል።

ጊዜ ከተረፋችሁ በ1922 የተመሠረተውንና ከቦነስ አይረስ በስተምዕራብ በኸርሊንግሃም የሚገኘውን ኸርሊንግ ክለብ ጎብኙ፤ ኸርሊንግ በዱላና በኳስ የሚጫወቱት የአየርላንዳውያን ባህላዊ ጨዋታ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጨዋታው የሚሆነው ዱላ ከአየርላንድ መምጣቱ ሲቋረጥና የአገሩ እንጨት አልመች ሲል፣ አባላቱ ወደ ሆኪ አዘንብለዋል።

ጥያቄ፦ አየርላንዳውያን የተሰደዱት በድንች በሽታ ምክንያት በመጣው ረሃብ እንደሆነ ተምረናል። ወደ አርጀንቲና የሄዱትም በረሃቡ ነውን? — ከባሕር ዳር

መልስ፦ በከፊል ብቻ። ከ1845 ጀምሮ የደረሰው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ገድሎ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ከአገር አስወጥቷል፤ አብዛኞቹ የሄዱት ግን ወደ ሰሜን አሜሪካና ወደ ብሪታንያ ነው። የአርጀንቲናው ፍልሰት ከረሃቡ በፊት የጀመረ ሲሆን፣ የመርከቡ ዋጋም ከፍ ያለ ስለነበር ምንም የሌለው ሰው የሚሞክረው አልነበረም። የሄዱት በአብዛኛው የዌስትሚዝ፣ የሎንግፎርድና የዌክስፎርድ ገበሬዎች ልጆች ናቸው፤ የአባት መሬት ለታላቁ ወንድም ሲተላለፍ ታናናሾቹ፣ ቀድሞ የሄደ ዘመድ በጻፈው ደብዳቤ እየተሳቡ፣ ተከታትለው ወጡ።

እዚያ የጠበቃቸው የሱፍ ገበያ ነበር። እረኛው የሌላ ሰው በግ እየጠበቀ ከሱፉና ከግልገሉ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ይወስዳል፤ የእኛ እኩል አራሽ ከመሬት ባለቤቱ ጋር የሚዋዋለውን ውል በበግ ላይ አስቡት። ልዩነቱ፣ በጎቹ እየተዋለዱ ስለሚበዙ፣ ዕድለኛው እረኛ በጥቂት ዓመታት የራሱን መንጋ ይዞ ሲወጣ፣ መሬት ርካሽ በነበረበት ዘመን ደግሞ ባለርስት መሆኑ ነው። ከአየርላንዳውያን ወላጆች አርጀንቲና የተወለደው ኤድዋርዶ ኬሲ በ1884 ቬናዶ ቱዌርቶን እስከመመሥረት ደርሷል፤ በ1890ው የገንዘብ ቀውስ ግን ሀብቱን አጥቶ በ1906 ሞተ።

ዘግይቶ የመጣው ድሃ ይህ ዕድል አልገጠመውም። በ1889 የአርጀንቲና መንግሥት ወኪሎች በነፃ ጉዞ ያግባቧቸው ከ1,700 በላይ ሰዎች «ሲቲ ኦፍ ድሬዝደን» በተባለች መርከብ ቦነስ አይረስ ሲደርሱ መጠለያ እንኳ አልተዘጋጀላቸውም፤ ብዙዎቹ በባኢያ ብላንካ አቅራቢያ ወደምትገኘው ናፖስታ ተወስደው ያለ ቤትና ያለ በቂ ውኃ ሲቸገሩ ሕፃናት አለቁ፣ ሰፈራውም በ1891 ፈረሰ። ወሬው አየርላንድ በደረሰ ጊዜ ጳጳሳቱ ሕዝቡን አስጠነቀቁ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ አርጀንቲና በብዛት የተሰደደ አየርላንዳዊ የለም።