ውድ የእጅ ባትሪ ዋጋውን ያወጣል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምት ሲገባ ስለ ባትሪ የሚጠይቁን ሰዎች ይበዛሉ። መብራቱ ይሄዳል፣ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ ሰው ወደ ሱቅ ይወጣና ዋጋ ሲጠራበት ደንግጦ ይጽፍልናል። ከደረሱን ውስጥ አራቱን እንመልስ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ሳሪስ ነው። ለሰፈራችን የሌሊት ጥበቃዎች ባትሪ ልንገዛ ብር አዋጥተናል። መርካቶ ስንጠይቅ አንዱ ነጋዴ «100,000 ሉመን» የሚል ካርቶን አሳየን። ኪስ የምትገባ፣ በአንድ ድንጋይ የምትሠራ ናት፣ ዋጋዋም ቀላል ነው። ሌላው ነጋዴ ደግሞ 1,000 ሉመን ብቻ የሚል ባትሪ አወጣና የመጀመሪያውን ብዙ እጥፍ ጠራብን። ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። ውዱን የሚገዛ ሰው ለስሙ ነው የሚከፍለው ወይስ እውነትም ልዩነት አለው?

መልስ፦ ከሁለቱ ውዱን ግዙ። ርካሹ ላይ የተጻፈው ቁጥር ውሸት ነው።

ሉመን ባትሪው የሚያወጣው የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። 100,000 ሉመን የሚያወጣ የእጅ ባትሪ በዓለም ላይ አለ። ኢማለንት የሚባል የቻይና ኩባንያ ኤምኤስ18 ብሎ ይሸጠዋል። ውስጡ 18 ትልልቅ ኤልኢዲ፣ ማለትም ብርሃኑን የሚሰጡ አምፖሎች፣ አለው፣ ስምንት ድንጋይ ይጎርሳል፣ ሙቀቱን የሚያወጣ ማራገቢያ ተገጥሞለታል፣ ክብደቱ ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል፣ ዋጋውም ብዙ መቶ ዶላር ነው። ይሄ ሁሉ ሆኖ በሙሉ ጉልበቱ የሚቆየው አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ ራሱን ዝቅ ያደርጋል።

አሁን ኪስ ወደምትገባዋ እንምጣ። ጥሩ ኤልኢዲ ከአንድ ዋት 150 ሉመን ይሰጣል ብንል፣ 100,000 ለማውጣት ከ650 ዋት በላይ ያስፈልጋል። የግማሽ ካውያ ኃይል ማለት ነው። አንድ ጥሩ ድንጋይ ውስጥ ያለው ጉልበት ደግሞ 12 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው፤ ያን ያህል መስጠት ቢችል እንኳ በአንድ ደቂቃ ተሟጦ ያልቅ ነበር። ግን አይችልም። ስለዚህ ያ ካርቶን ላይ ሌላ የተጻፈ ነገር ሁሉ አይታመንም።

ታዲያ በውዱ ላይ ገንዘባችሁ የት ይገባል? አንደኛ፣ እውነተኛ ቁጥር ትገዛላችሁ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ኤፍኤል1 የሚባል የባትሪ መለኪያ ደንብ አለ። ስማቸውን የሚጠብቁት፣ እነ ፌኒክስ፣ እነ ናይትኮር፣ እነ ስትሪምላይት፣ የብርሃኑን መጠን፣ ርቀቱንና የሚቆይበትን ሰዓት በዚህ ደንብ ለክተው ያትማሉ። ሁለት ባትሪ ማወዳደር የሚቻለው ያኔ ነው።

ሁለተኛው ከላይ ሲያዩት የማይታይ ነገር ነው። ጥሩ ባትሪ ውስጥ ወደ ኤልኢዲው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠር ሰርኪት አለ። ድንጋዩ እየደከመ ሲሄድ ብርሃኑ አብሮ እንዳይወርድ ይይዘዋል፣ ሙቀት ሲበዛ ይቀንሳል፣ ድንጋዩ ከልክ በላይ ሊሟጠጥ ሲል ያጠፋዋል። ርካሹ ይሄ የለውም፣ ቢኖረውም ለስም ያህል ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ቦግ ያለው ባትሪ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጭል ጭል ይላል፤ ጥበቃው ደግሞ አጥብቆ የሚፈልገው ያኔ ነው።

ድንጋዩ ላይ የሚጻፈው ውሸትማ ያናድዳል። 18650 የሚባለው ድንጋይ፣ ማለትም 18 ሚሊሜትር ወፍሮ 65 ሚሊሜትር የሚረዝመው፣ ከሳምሰንግ፣ ከኤልጂ ወይም ከፓናሶኒክ የተገኘ ጥሩ የሚባለው 3,500 ሚሊአምፒር-ሰዓት አካባቢ ይይዛል። ገበያ ላይ ግን 9,900 የተጻፈበት ታገኛላችሁ። በዚህ መጠን እንዲህ የሚይዝ ድንጋይ የለም። ያን ቁጥር ካያችሁ ባትሪውንም መልሳችሁ አስቀምጡት።

ግን ውድ ሁሉ ጥሩ ነው ብላችሁ ወደ ላይ አትንደርደሩ። ሉመኑ እጥፍ ሲሆን ለዓይን እጥፍ ሆኖ አይታይም፤ እጥፍ የደመቀ እንዲመስል አራት እጥፍ ገደማ ያስፈልጋል። ርቀቱም እንደዚያው ነው። 200 ሜትር የሚያሳየው ባትሪ 400 ሜትር እንዲያሳይ የጨረሩ ጥንካሬ፣ ካርቶኑ ላይ ካንዴላ የሚባለው፣ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ ከ1,000 ሉመን ወደ 2,000 ለመውጣት የምትጨምሩት ብር ጥበቃው የሚያየውን ነገር ያን ያህል አይለውጥለትም። የሚለውጠው ድንጋዩ ቶሎ ማለቁን ነው።

ለአንድ ሰፈር ከ500 እስከ 1,000 ሉመን ይበቃል። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል እኮ 800 ሉመን አካባቢ ነበር የሚሰጠው። ካንዴላው 10,000 ገደማ ይሁን፣ በደንቡ ስሌት 200 ሜትር ነው። ዝናብ ይቻል፣ ድንጋዩም ወጥቶ የሚቀየር ይሁን። ይህን የሚያሟሉ ሶፊርን፣ ዉርኮስ፣ ኮንቮይ የሚባሉ ባትሪዎች ውጭ አገር ከ20 እስከ 40 ዶላር ይገኛሉ፤ እዚህ ሲደርሱ ቀረጡና ትርፉ ይጨመርበታል። ከ100 ዶላር በላይ ያሉት አብዛኞቹ ለፖሊስ፣ ለእሳት አደጋና ለነፍስ አድን ሠራተኛ የታሰቡ ናቸው። ለእናንተ ሥራ እዚያ መድረስ አያስፈልግም።

ከዚያ የሚተርፈውን ብር በሁለተኛ ድንጋይና በቻርጀር ላይ አውሉት። መብራት ጠፍቶ ያደረ ቀን ጥበቃው ባዶ ባትሪ ይዞ እንዳይቆም። ባትሪውን ከራሱ ኪስ የሚገዛ ጥበቃ ስንት አለ፤ ደመወዙን እያወቅን ዝም እንላለን። እናንተ ተሰብስባችሁ ማዋጣታችሁ በጣም ደስ ብሎኛል።

ጥያቄ፦ እኔ ከደባርቅ ነኝ፣ ስሜን ተራሮች እንግዳ ይዤ እወጣለሁ። ተጠራቅሞ የተገዛ ውድ ባትሪ አለኝ፣ 2,000 ሉመን ይላል። ሲበራ ገደሉን ቀን ያስመስለዋል፣ ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ይደበዝዛል። ፌክ ነው የሸጡልኝ? ደግሞ ብርድ ላይ ቶሎ ያልቃል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከጻፍከው ተነስቼ ስገምት ፌክ አይደለም። ኤልኢዲ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ብዙውን ወደ ሙቀት ነው የሚለውጠው። ያ ሙቀት የሚወጣበት የባትሪው አካል ደግሞ መዳፍህ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ብረት ነው። ዝም ቢባል እጅህን ያቃጥላል፣ ኤልኢዲውንም ይጎዳል። ስለዚህ ሰርኪቱ ሆን ብሎ ይቀንሰዋል። ጥሩ ባትሪ ይቀንሳል፤ የማይቀንሰውን ነው መፍራት።

ኩባንያዎቹ ግን ይህን በትልቁ አይጽፉትም፣ እኔ የምቃወመውም ይሄንን ነው። በኤፍኤል1 ደንብ ሉመኑ የሚለካው ከበራ ከ30 ሰከንድ ጀምሮ ነው። «3 ሰዓት ይቆያል» የሚለው ደግሞ ብርሃኑ ከመጀመሪያው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ያለውን ይቆጥራል። ያንተ 2,000 ሉመን 200 እስኪደርስ «እየሠራ» ነው ማለት ነው። ከመግዛት በፊት ማየት ያለብህ ከፍተኛውን ቁጥር ሳይሆን ባትሪው ሳይወርድ ለሰዓታት የሚይዘውን ነው። ጥሩ ኩባንያ ይህን በግራፍ ያሳያል።

ብርዱም እውነት ነው። ሊቲየም ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ጉልበቱን መስጠት ያቅተዋል፣ ሲሞቅ ይመለሳል። ትርፉን ድንጋይ ከውስጥ ልብስህ ኪስ አድርገው፣ ሲያስፈልግ ቀይረው።

ላንተ ሥራ ውድ ባትሪ ይገባል ባይ ነኝ። ጎህ ሳይቀድ ሰው በገደል አፋፍ እየመራህ ባትሪ ቢጠፋብህ ነገሩ የሰው ሕይወት ነው። ግን ገንዘቡን ሁሉ አንድ ትልቅ ባትሪ ላይ አታውለው። ለመሄጃ ግንባር ላይ የሚታሰረው ይሻልሃል፤ 200 ወይም 300 ሉመን ሳይወርድ ለረጅም ሰዓት የሚይዝ፣ እጅህን ለዱላና ለእንግዳህ ነፃ የሚያደርግ። ቀለሙ ሰማያዊ ነጭ ባይሆን ጥሩ ነው፤ ሲአርአይ የሚባለው የቀለም መለኪያ 90 የሚል ከሆነ አፈሩና ድንጋዩ እንደ ቀኑ ተለይቶ ይታይሃል። ጭጋግ ውስጥማ ያ ኃይለኛው ባትሪ ነጭ ግድግዳ ነው የሚሆንብህ፤ ዝቅ አድርገህ ወደ እግርህ አብራ። እሱን ሩቅ መንገድ ለመፈለግና የጠፋ ሰው ለማግኘት ያዘው።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር። የአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ፈትቼ ውስጡ ያሉትን ድንጋዮች ለእጅ ባትሪ ብጠቀምባቸውስ? መጠናቸው ልክ ነው፣ አዲስ መግዛት ውድ ሆነብኝ።

መልስ፦ አይሆንም፣ እባክህ ተወው። ልክ ነህ፣ 18650 ናቸው፣ ይገባሉ። ግን ላፕቶፑ ውስጥ ሲሆኑ የሚጠብቃቸው ሰርኪት ነበር፣ ስትፈታቸው እሱ ቀረ። አርጅተዋል፣ ምናልባትም ባዷቸውን ለዓመታት ተቀምጠዋል። እንዲህ ያለ ድንጋይ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ሰው ተኝቶ እሳት ሊያነሳ ይችላል። በተለይ ሁለት ድንጋይ በሚወስድ ባትሪ ውስጥ የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን አትቀላቅል። የላስቲክ ልባሱ የተላጠውን ደግሞ ጨርሶ አትንካ። አንድ እውነተኛ ድንጋይ ግዛ፣ ባትሪው ርካሽ ቢሆን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ለበዓል አገር ቤት ልሄድ ነው። አባቴ ደብረ ታቦር አካባቢ ገጠር ነው የሚኖረው፣ ሌሊት ኪዳን ለማድረስ ይወጣል፣ ጅብም አለ። 200 ዶላር የሚያወጣ ኃይለኛ ባትሪ አይቻለሁ። ልውሰድለት?

መልስ፦ እህት ዓለም፣ አሳብሽ ልብ የሚነካ ነው፣ ግን 200 ዶላሩን አንድ ባትሪ ላይ አታውጪው።

አባትሽ የሚያስፈልጋቸው ቢወድቅ የማይሰበር፣ አንዴ ሲጫኑት የሚበራ፣ እንደገና ሲጫኑት የሚጠፋ ባትሪ ነው። ብዙዎቹ ውድ ባትሪዎች አንድ ቁልፍ ላይ አምስት ዓይነት ሥራ ይጭናሉ፤ ሁለቴ ሲጫን ሌላ፣ ይዞ ሲቆይ ሌላ። በጨለማ፣ ጅብ እየጮኸ፣ ያ ቁልፍ ብልጭ ድርግም ማለት ቢጀምርባቸው ምን ይጠቅማቸዋል? አንዳንዶቹ ደግሞ የራሳቸው ኩባንያ ብቻ የሚሠራው ድንጋይና የራሳቸው የቻርጅ ገመድ አላቸው። ገመዱ የጠፋ ዕለት ባትሪው ሞተ ማለት ነው።

እኔ ብሆን ከ30 እስከ 40 ዶላር ያለ፣ 21700 የሚባለውን፣ ከ18650 ወፈርና ረዘም ያለ ድንጋይ የሚወስድ፣ በስልክ ገመድ፣ በታይፕ ሲ የሚሞላ ባትሪ እገዛለሁ። ያ ድንጋይ 5,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ሲሆን ባትሪው በ50 ሉመን ከ24 ሰዓት በላይ ይሠራል፤ ለቤተ ክርስቲያን መንገድ 50 ሉመን ይበቃል፣ ጅብ ሲመጣ ከፍ ያደርጉታል። በሚተርፈው ገንዘብ በዩኤስቢ የሚሞላ ትንሽ ሶላር ጨምሪ፣ ይሄ ከባትሪው በላይ ቁም ነገር ነው። ለእናትሽም ግንባር ላይ የሚታሰር አንድ ያዢላቸው። ጓዳ ውስጥ በአንድ እጅ ባትሪ ይዞ በሌላው መሥራት ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ እነሱ አይነግሩሽም።

ሶኬት ላይ በቀጥታ የሚሰካው ርካሽ ባትሪ ቤታቸው ካለ፣ ውስጡ እንደ መኪና ባትሪ ያለ የሊድ-አሲድ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ባዶውን ከቆየ ይሞታል፣ ስለዚህ በየጊዜው ይሞላ። ሊቲየሙ የዚህን ያህል አያስቸግርም።

ለጉዞው፣ ትርፍ ድንጋዮቹን ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዳታስገቢ፣ ክልክል ነው። በእጅ ሻንጣ፣ እያንዳንዳቸው በፕላስቲክ ቤታቸው ወይም ጫፋቸው በፕላስተር ተሸፍኖ ይሁኑ። ያለ አየር መንገዱ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው እስከ 100 ዋት-ሰዓት ነው፣ አንድ 21700 ደግሞ 18 አካባቢ ስለሆነ በዚህ በኩል ችግር የለም። ባትሪውንም በእጅሽ ያዢው፣ የኋላ ክዳኑን ትንሽ ፈታ አድርጊው፤ ቦርሳ ውስጥ ሳይታወቅ ከበራ ጨርቅ እስኪያቃጥል ሊሞቅ ይችላል። አባትሽም ኪሳቸው ሲከቱት እንዲሁ እንዲያደርጉ አሳዪያቸው።