ሴአኖተስ ሲጠወልግ ውኃ አይጨምሩለት

በሎስ አንጀለስ ጓሮዎ ተዳፋት ላይ የተከሉት ሴአኖተስ በየቀኑ እየጠጣ ለምን ቅጠሉ እንደሚገረጣና እንደሚጠወልግ ጠይቀዋል። የሚጎዳው ውኃው ራሱ ስለሆነ ዛሬውኑ ያቁሙት።

ከነጭ እስከ ደማቅ ሰማያዊ የሚያብበው ይህ ቁጥቋጦ በሎስ አንጀለስ አጠገብ ባሉት የሳንታ ሞኒካ ተራሮች ላይ የሚኖረው ዝናቡን በቀዝቃዛው ወራት አግኝቶ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ሙቀት በደረቅ አፈር ስለሚያሳልፍ፣ በሙቀት ወራት አፈሩ ዘወትር ሲረጥብበት ሥሩ በቀላሉ ይበሰብሳል።

አሁን ከግንዱ ራቅ ብለው አንድ ስንዝር ያህል ይቆፍሩ። አፈሩ እርጥብ፣ ሥሩ ግን ገና ጠንካራ ከሆነ አፈሩ እስኪደርቅ ይተዉት፤ ሥሩ ጠቁሮና ለስልሶ የሚሸት ከሆነ ግን አይድንምና ነቅለው በኅዳር፣ ዝናብ ሲጀምር፣ ውኃ በማይቋጥር ቦታ ሌላ ይትከሉ። አዲሱ ተክል በመጀመሪያው ዓመት አልፎ አልፎ በጥልቀት መጠጣት ይኖርበታል።

ማዳበሪያም አያስፈልገውም፤ በሥሩ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ያዘጋጁለታል።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ እኔ ቅርጹን ላሳምር ብዬ አውራ ጣት የሚያክሉ ቅርንጫፎችን ቅጠል ከሌለበት ቦታ ቆርጬ፣ አንዱም ሳያቆጠቁጥ ደርቀው ቀሩ። መግረዝ ካለብዎት አበባው እንደረገፈ ለጋውን ጫፍ ብቻ ይቁረጡ።