ማዳኛ ፍላሹ ተነሥቶ ዲስኩ ሳይታይ ሲቀር

ጥያቄው የደረሰኝ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ የግንባታ ዕቃ መደብር ካላቸው አንባቢ ነው። የመደብሩ ሒሳብ ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም የሚያዝበት ላፕቶፕ ባትሪው ከደከመ ቆይቷል፤ ዊንዶውስ ራሱን በማዘመን ላይ እያለ መብራት ሲሄድ አብሮ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ መነሣት አልቻለም። ቀደም ሲል ለአሮጌው ዴስክቶፕ የተዘጋጀላቸው ማዳኛ ፍላሽ (ዊንዶውስ ሲበላሽ ኮምፒውተሩ የሚነሣበት ፍላሽ) በላፕቶፑ ላይ ቡት አያደርግም፣ ማለትም አያስነሣውም፤ ከጎረቤት የተዋሱት ደግሞ ቡት ቢያደርግም ዲስክ አላገኘሁም ይላል። ዲስኩ ስለሞተ ይቀየር ተብለዋል። በእጃቸው ያለው የሁለት ወር ዕድሜ ያለው የሙሉ ሲስተም ባክአፕ (የዊንዶውሱና የፋይሎቹ ሁሉ መጠባበቂያ ቅጂ) ነው።

እባክዎ ዲስኩን ለማስቀየርም ሆነ ፎርማት ለማድረግ አይፍጠኑ። በቅድሚያ ላፕቶፑን ሲያበሩ ኤፍ2ን፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10ን ደጋግመው በመጫን ባዮስ ውስጥ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ገጽ) ይግቡና ዲስኩ በስሙና በመጠኑ ተዘርዝሮ እንደሆነ ይመልከቱ። እዚያም ከሌለ ችግሩ የዕቃው ነውና ከዚህ በታች ያለውን ሳይሞክሩ ወደ ጥገና ይውሰዱት። ከተዘረዘረ ግን ዲስኩ ሞቷል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም።

ላፕቶፑ ባለ 11ኛ ትውልድ ኢንቴል መሆኑን ስለጻፉልኝ ምክንያቱን እዚያው እጠረጥራለሁ። ከዚህ ትውልድ ጀምሮ ብዙ ላፕቶፖች ዲስኩን ቪኤምዲ በሚባል የኢንቴል መቆጣጠሪያ በኩል ስለሚያገናኙ፣ የዚህ መቆጣጠሪያ ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው አነስተኛ ፕሮግራም) የሌለው ማዳኛ ፍላሽ ጤነኛውን ዲስክ እንደሌለ ይቆጥረዋል። ባዮስ ውስጥ ቪኤምዲን ማጥፋት ዲስኩን ሊያሳይ ይችላል፤ ነገር ግን የተጫነው ዊንዶውስ ከነበረበት ሁኔታ ስለሚለወጥበት በሰማያዊ ስክሪን ሊቆም ይችላልና አልመክረውም። የአሮጌው ፍላሽ ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ እንደ እኔ ግምት በቀድሞው የባዮስ አነሣሥ የተዘጋጀ ነው፤ አዳዲስ ላፕቶፖች ደግሞ በአብዛኛው የሚነሡት እርሱን በተካው አዲስ አነሣሥ፣ በዩኢኤፍአይ ብቻ ነው።

ስለዚህ አዲስ ፍላሽ ያዘጋጁ። ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሆነና ውስጡ የሚፈለግ ነገር የሌለው ፍላሽ ይያዙ፣ ምክንያቱም ሁሉም ይጠፋል፤ ከዚያም ኢንተርኔት ባለው ሌላ ኮምፒውተር የማይክሮሶፍትን ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል አውርደው ፍላሹን በእርሱ ይሥሩት። የሚወርደው ከ4 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በስልክ ፓኬጅ ከመጀመርዎ በፊት ያስቡበት። ቀጥሎ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ በሞዴሉ ቁጥር ኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ የተባለውን ድራይቨር ያውርዱ፤ ሳይጭኑት ፋይሎቹን ብቻ ፈትተው በአንድ ፎልደር ፍላሹ ላይ ያስቀምጡ። ስማቸው በአይኤንኤፍ የሚያልቁ ፋይሎች በፎልደሩ ውስጥ ከሌሉ አልተፈታም ማለት ነው።

ላፕቶፑን ሲያበሩ ኤፍ12ን፣ በኤችፒ ኤፍ9ን በመጫን ዩኢኤፍአይ የሚል ቃል ያለበትን የፍላሹን ስም ይምረጡ። የመጫኛው ገጽ የዲስኮች ዝርዝር እስከሚመጣበት ድረስ ይሂዱና ሎድ ድራይቨር የሚለውን ተጭነው ፎልደሩን ያሳዩት። ዲስኩ ሲገለጥ እዚያው ይቁሙ፤ ኔክስት የሚለውን እንዳይነኩ አደራ እላለሁ፣ ዲሊት የሚለውንም እንዲሁ። ሺፍትና ኤፍ10ን አንድ ላይ ሲጫኑ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ይከፈታል። በውስጡ ኖትፓድ ብለው በእንግሊዝኛ ይጻፉና ከፋይል ሥር ኦፕንን ከፍተው የፋይሉን ዓይነት ሁሉንም ወደሚያሳየው ይለውጡ። ይህች ትንሽ መስኮት እንደ ፋይል ማሰሻ ታገለግላለች፤ የፒችትሪውን የኩባንያ ፎልደር በቀኝ ክሊክ ኮፒ አድርገው ውጫዊው ሃርድ ዲስክ ላይ ፔስት ያድርጉ። ሲ የነበረው ዲስክ እዚህ ዲ ወይም ሌላ ፊደል ሊይዝ ስለሚችል በፊደሉ ሳይሆን በይዘቱ ይለዩት። ቅጂው ምን ላይ እንደደረሰ ላይታይ ስለሚችልም ታግሠው ይጠብቁ። ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ከተቆለፈ ባለ 48 አሃዝ ቁልፉ ያስፈልጋል፤ ይህ ቁልፍ ብዙውን ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል።

የሁለት ወሩን ሽያጭ የሚያተርፍልዎ ይህ ቅጂ ነው፤ ባክአፑን መመለስ በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ደምስሶ ሒሳብዎን ወደ ኋላ ይወስደዋልና። ፋይሉ በእጅዎ ከገባ በኋላ ላፕቶፑ በራሱ የጥገና ገጽ ከመጣ የመጨረሻውን የዊንዶውስ ማዘመኛ እንዲያነሣ ያድርጉት፤ እንደ እርስዎ ባለ አጋጣሚ ይህ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ካልሆነ በፍላሹ የጥገና ክፍል በኩል ሲስተም ኢሜጅ ሪከቨሪ በሚባለው የባክአፕ መመለሻ ውስጥ ይግቡና ድራይቨሩን እዚያም ጭነው ባክአፑን ይመልሱ። በዊንዶውስ የተሠራው ባክአፕ ዊንዶውስ ኢሜጅ ባክአፕ የሚባለው ፎልደር ሲሆን በሌላ ፎልደር ውስጥ ከተቀመጠ አይገኝም፤ የውጫዊው ዲስክ የመጀመሪያው ገጽ ላይ መሆን አለበት። ባትሪው ስለደከመ ይህን ሁሉ ያለ ዩፒኤስ አይጀምሩት፤ መብራት በመሐል ከሄደ በግማሽ የተጻፈ ዲስክ ይቀርዎታል።

ላፕቶፑ ሲነሣ ያንኑ ፍላሽ ከነድራይቨሩ ለእርሱ ብቻ ይመድቡትና የሞዴሉን ስም ይለጥፉበት። መደብሩ በሚዘጋበት አንድ ቀን በፍላሹ ቡት አድርገው የውስጡ ዲስክም የውጫዊው ባክአፕም መታየታቸውን ይመልከቱ፤ ምንም ሳይመልሱም ይውጡ። ባዮስ በተዘመነ ወይም ዲስክ በተቀየረ ቁጥር ይህንኑ ፍተሻ ይድገሙት።