ፊዚክስ ሳልማር የጨረር ጉዳትን ማጥናት እችላለሁ?

በወሎ ዩኒቨርሲቲ ስታትስቲክስ ተምረሽ፣ ደሴ ውስጥ በኤአርቲ (የኤችአይቪ መድኃኒት) ክሊኒክ ዳታ ክለርክ ሆነሽ እንደምትሠሪ ጽፈሽልኛል። የጨረር ሕክምና ዘግይቶ በጤነኛ የሰውነት ክፍል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በሞዴል ማጥናት ብትፈልጊም ፊዚክስ አለመማርሽ አስፈርቶሻል።

እህቴ፣ እዚህ ሥራ ላይ የሚከብደው ፊዚክሱ ሳይሆን የጉዳቱ መዘግየት ነው። ለማኅፀን በር ካንሰር ጨረር የወሰደች ሴት ፊኛዋ መድማት የሚጀምረው ከወራት ምናልባትም ከዓመታት በኋላ ነው። እስከዚያ አንዷ ስልክ ትቀይራለች፣ አንዷ አገሯ ትገባለች፣ አንዷ በካንሰሩ ትሞታለች። አንቺ በየወሩ «ሎስት» (ከክትትል የጠፉ) ብለሽ የምትመዘግቢያቸው ዓይነት ሰዎች ናቸው። የጠፉትን እንዳልተጎዱ የቆጠረ ተመራማሪ ሕክምናውን ከሆነው በላይ ደኅና ያስመስለዋል። የሞቱትን ከጠፉት ጋር ደባልቆ ካፕላን-ማየር የተባለውን፣ ጉዳቱ በጊዜ ሂደት የሚደርስበትን ዕድል የሚገምት ስሌት የሠራ ደግሞ ጉዳቱን ያጋንናል፤ ዘዴው የሞተችውንም ገና ልትጎዳ እንደምትችል አድርጎ ያሰላልና። ስለዚህ መጀመሪያ ሰርቫይቫል አናሊሲስን (አንድ ነገር እስኪደርስ የሚወስደውን ጊዜ የሚያጠናውን ስታትስቲክስ)፣ በተለይ እንደ ሞት ያለ ሌላ ክስተት ሲቀድም የሚሠራበትን ኮምፒቲንግ ሪስክ የሚባለውን፣ አጥብቀሽ ያዢ። ማሽን ለርኒንግ ይቆይሽ (ሁሉም ከእሱ ልጀምር ይላል)።

አር የተባለው የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ነፃ ነው። ሰርቫይቫል በሚባለው ፓኬጁ ውስጥ «ኤምጉስ2» የተባለ፣ ኤምጉስ የሚባል የደም ችግር ያለባቸው ሰዎች ዳታ አለ፤ ታካሚው በሽታው ሳይብስበት ሊሞት ስለሚችል ለልምምድ የተመቸ ነው። የክሊኒኩን መዝገብ ግን ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ወደ ፍላሽ እንዳትገለብጪ።

ከፊዚክሱ በዚህች ጀምሪ፦ 20 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በ5 ቀን፣ በየቀኑ 4 ግሬይ ሲሰጥ፣ አልፋ/ቤታው (ቲሹው በአንድ ጊዜ ለሚሰጥ መጠን ምን ያህል ስሱ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር) 3 ለሆነ ዘግይቶ የሚጎዳ ቲሹ፣ በ2 ግሬይ ተከፋፍሎ የተሰጠ 28 ግሬይ ያህል ይከብደዋል። ስሌቱ 20×(4+3)÷(2+3) ነው። ቀጥሎ ከጨረሩ መጠን ተነሥቶ የጉዳቱን ዕድል የሚያሰላውን የላይማንን ሞዴልና፣ ጤነኛ የሰውነት ክፍሎች ስንት ጨረር እንደሚችሉ የሚያጠቃልሉትን በ2010 (እ.ኤ.አ.) የወጡ የኳንቴክ ጽሑፎች ታነቢያለሽ። ኅብለ ሰረሰር በተለመደው አከፋፈል (በቀን 2 ግሬይ ገደማ) 50 ግሬይ ሲደርሰው የጉዳቱ ዕድል 0.2 በመቶ፣ 60 ላይ ግን 6 በመቶ መሆኑን እዚያ ታገኛለሽ። መስመሩ ቀጥ ያለ እንዳልሆነ አየሽ?

በዚህ ሙያ ስም የወጣ ክፍት የሥራ ቦታ ፒያሳ ሰሌዳ ላይ አትጠብቂ። ማስተርስሽን በባዮስታትስቲክስ ያዢ፤ ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ከአማካሪሽ ጎን የሜዲካል ፊዚክስ ባለሙያ ፈልጊ። እስከዚያ «ሎስት» ብለሽ ስትጽፊ ታካሚዋ መጨረሻ የታየችበትን ቀንም በትክክል መዝግቢ፤ ያለዚያ ቀን ስሌቱ አይጀመርም።