ኳሱ በዲሽ፣ ወሬው በስልክ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ኳስ የማሳይባት አንዲት ክፍል አለችኝ። አዲስ አበባ ወንድሜ ጋ ስሄድ ጨዋታው እየታየ በጎን የተጫዋቾች ስም፣ የኳስ ቁጥጥር፣ የተመልካች አስተያየት ሁሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ይወጣል። እኔም ደንበኞቼ የሚጽፉት እንዲታይ ፈለግሁ። ያለኝ ዲሽና ተራ ሪሲቨር ነው። ሪሲቨሩን ልቀይረው?
ኳስ አሳዪው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለዚህ ብለህ ብር አታውጣ። ዲሽ ይሰማል እንጂ አይናገርም። ከሳተላይት የሚወርደውን ይቀበላል፤ የደንበኛህን አስተያየት ወደ ላይ የሚልክበት መንገድ የለውም።

የሚነበብ ነገር ግን ከምስሉ ጋር ሊመጣ ይችላል። ሪሞትህ ላይ «ኢንፎ» የምትለዋን ተጫን፤ ጣቢያው ከላከው የፕሮግራሙ ስምና ሰዓት ይወጣል። ነገሩ የቆየ ነው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲፋክስ የሚባል አገልግሎት ጀምሮ እስከ 2012 ድረስ ዜናና የኳስ ውጤት በጽሑፍ ያስነብብ ነበር። ያም ቢሆን ማንበብ ብቻ ነው።

ወንድምህ ቤት ያየኸው በኢንተርኔት የመጣ መሆን አለበት። ስማርት ቲቪ ወይም አንድሮይድ ቦክስ (ተራውን ቴሌቪዥን ከኢንተርኔት የምታገናኝ ትንሽ ሣጥን)፣ ከዚያ የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ጨዋታውን ራሱን በኢንተርኔት ላሳይ እንዳትል ብቻ። የሳተላይቱ ሞገድ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጥቶ ያንኑ ያህል ሲወርድ መንገዱ የሚፈጅበት ሩብ ሰከንድ አካባቢ ነው። የኢንተርኔቱ ግን እየተቆራረሰ ተልኮ፣ ትንሽ ተጠራቅሞ ነው የሚታየው። ግማሽ ደቂቃ ቢዘገይ አይግረምህ። ጎረቤት ያለው ቤት «ጎል!» ብሎ ሲጮህ ያንተ ሰዎች ገና መሐል ሜዳ ናቸው። ብራችንን መልስ ባይሉህ ምን አለ በለኝ!

ስለዚህ ኳሱ በዲሹ ይቀጥል። ለአስተያየቱ የቴሌግራም ግሩፕ ክፈትና ስልክህን ከሌላ አሮጌ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝ። ሁሉም ስልክ ምስል በገመድ አያወጣም፤ ገመዱን ከመግዛትህ በፊት ሱቁ ውስጥ ሞክረው። የምትጠቀምበትም ስልክ የግልህ አይሁን። ደብረ ማርቆስ አንዱ ይህንኑ ሲሞክር አይቻለሁ። ሰው ሁሉ ፍጹም ቅጣት ምት አፍጥጦ ሲጠብቅ «ያ ብድር ነገርስ?» የሚል መልእክት ስክሪኑ ላይ ዱብ አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ምቱን ያየው ሰው ጥቂት ነው።

እኔ ብሆን ጨዋታ እየተካሄደ ሁለተኛውን ስክሪን አጠፋዋለሁ። እዚያው ተጠጋግቶ የተቀመጠ ሰው ለመሰዳደብ ስክሪን አያስፈልገውም። ለእረፍት ሰዓት ግን ግሩም ነው። «ቀጥሎ ማን ያገባል?» ብለህ በቴሌግራም ድምፅ አሰጥ፤ መቶኛው ወዲያው ይታያል፣ ሻዩም ይሸጥልሃል።

ግሩፑን የሚቆጣጠርልህ ሰው ደግሞ የየትኛውም ቡድን ደጋፊ ያልሆነ ይሁን። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከተገኘ ማለቴ ነው።