ሽምብራና ስኒ፦ ፕሮባቢሊቲን በቡድን ምርመራ ማስተማር

ውድ መምህር፣ ተማሪዎችዎ ፕሮባቢሊቲን (የዕድል ስሌትን) ከቀመር ባሻገር የሚረዱበትን መንገድ ጠይቀዋል፤ እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ሳስተምር ከሁሉ የጠቀመኝ የቡድን ምርመራ ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ሮበርት ዶርፍማን በ1943 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዘዴ የብዙ ምልምል ወታደሮችን ደም ቀላቅሎ ለቂጥኝ በአንድ ጊዜ መመርመር፣ በሽታው ከታየ ብቻ እያንዳንዱን ለየብቻ መመርመር ነበር።

100 ሽምብራ ወስደው አንዷን ብቻ ቀለም ይቀቡና በ10 የቡና ስኒዎች አሥር አሥር አድርገው ያካፍሏቸው፤ 10 ስኒ፣ ከዚያም ቀለም የተገኘበት ስኒ 10 ፍሬዎች፣ በድምሩ 20 ምርመራ ይበቃል። 30ውን ቀብተው ሲደግሙት ግን አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ስኒ ይጠፋና ምርመራው 110 ይደርሳል። ውጤቱን አስቀድመው አይንገሯቸው፣ እባክዎ፤ «ለምን?» ብለው ራሳቸው ሲጠይቁ ብቻ አንዷ ፍሬ ያልተቀባች የመሆን ዕድሏ 0.7 ስለሆነ፣ አሥር 0.7ዎችን እርስ በርስ አባዝተው አንድ ስኒ ንጹሕ የመሆን ዕድሉ 0.03 ገደማ መሆኑን ያሳዩዋቸው።