የአዳማ ጎርፍ፣ ዲችና ሶፍትዌር፦ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

ሰላም ናችሁ። ድሬኔጅ (የጎርፍ ውሃ ማስወገጃ) እና የውሃ መስመር ዲዛይን ነው የምሰራው፣ አዳማ ነው የምኖረው። ክረምቱ ገብቶ ሰዉ ሁሉ ስለ ጎርፍ ስለሚያወራ ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን ልመልስ። ተማሪም ነዋሪም ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ ሲቪል 4ኛ ዓመት ነኝ፣ በየትኛው ሶፍትዌር ልጀምር? ጓደኞቼ የስቶርምካድ (የሚከፈልበት የጎርፍ ትቦ ሶፍትዌር) ክራክ አለን ይሉኛል።

መልስ፦ ክራኩን ተወው ወንድሜ፣ ቫይረስ ነው የምትሸከመው። ለከተማ ጎርፍ ስዊምን (SWMM) አውርድ፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነው የሚያወጣው፣ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ሳንቲም አይጠይቅህም። ለመጠጥ ውሃ መስመር የዚሁ መስሪያ ቤት ኢፓኔት አለ፣ ለወንዝና ለድልድይ ደግሞ ሄክራስ (HEC-RAS)፣ እሱ የአሜሪካ ጦር መሃንዲሶች ስራ ነው፣ እሱም ነፃ። ካርታህን በኪውጂአይኤስ (QGIS) ትሰራለህ፣ በቃ። ስቶርምካድንና ለመጠጥ ውሃ መስመር የሚሆነውን ዋተርጄምስን ላይሰንስ ያለው ቢሮ ስትገባ ቶሎ ትለምዳቸዋለህ፣ ሃይድሮሊክሱ አንድ ነው። ግን ከሁሉም በፊት አንድ ዲች (የውሃ መውረጃ ቦይ) ስንት ውሃ እንደሚያሳልፍ በማኒንግ ቀመር በእጅህ አስላ፣ በኤክሴልም ይሁን፤ ያንን ሳይችል ሶፍትዌር የከፈተ ሰው ትቦው ሞልቷል የሚል ቀይ መስመር ባየ ቁጥር ትቦ ማስፋት ብቻ ነው የሚያውቀው።

ጥያቄ፦ አዳማ ለምንድነው በትንሽ ዝናብ እንዲህ የምትሆነው?

መልስ፦ ከተማዋ እኮ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ዙሪያዋን ኮረብታ ይዟት ነው የተቀመጠችው፣ ከላይ የዘነበው ሁሉ ወደ መሃል ይወርዳል፣ እታች ጠብ ሳይል ጎርፍ የሚመጣበት ቀን አለ። ስለዚህ ሞዴል ስትሰሩ ካችመንቱን (ውሃው የሚሰበሰብበትን አካባቢ) የከተማው ፕላን ያለቀበት ላይ አትቁረጡት፣ እስከ ተራራው ጫፍ ውጡ። ሁለተኛው ነገር ቆርቆሮ፣ አስፋልት፣ የግቢ ሊሾ ነው። ለምሳሌ 40 ሄክታር ቦታ በሰዓት 80 ሚሊሜትር ዝናብ ቢመታው በራሽናል ሜቶድ (ኮኤፊሸንት ሲባዛ በዝናብ ሲባዛ በስፋት)፣ ሜዳ በነበረ ጊዜ ኮኤፊሸንቱን፣ ማለትም ከዝናቡ ወደ ጎርፍ የሚለወጠውን ድርሻ፣ 0.35 ብትሉ በሰከንድ 3.1 ሜትር ኪዩብ ያህል ይወጣል፣ ሰፈር ሲሆን 0.7 በሉትና 6.2። ዝናቡ ያው ነው፣ ዲቹም ያው የድሮው፣ ውሃው ግን እጥፍ። እንደውም ሊሾና አስፋልት ላይ ውሃው ፈጥኖ ስለሚደርስ የምትወስዱት የዝናብ ኢንቴንሲቲም (በሰዓት የሚወርደው መጠን) ከፍ ይላል፣ ከእጥፍ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሰርቬይ ለማሰራት ብር የለንም፣ ኢንተርኔት ላይ ያለው የ30 ሜትር ዴም (የመሬት ከፍታ ዲጂታል ካርታ) ይበቃል?

መልስ፦ ለተራራው ጥሩ ነው፣ ካችመንት አውጣበት። ለዲች ግን በፍፁም! አንዱ ፒክስል 30 በ30 ሜትር ነው፣ ከፍታው ላይ በሜትሮች ሊሳሳት ይችላል፣ አንተ ደግሞ ሜዳ ሰፈር ውስጥ በ100 ሜትር 30 ሳንቲም ስሎፕ (ተዳፋት) ነው የምትፈልገው። ሌቭል (የከፍታ መለኪያ መሳሪያ) ተከራይና የዲቹን ወለል፣ የካልቨርቱን (ከመንገድ ስር የሚያልፈውን የውሃ ማሳለፊያ) መግቢያና መውጫ ለካ። ከተማውን በሙሉ መለካት አይጠበቅብህም፣ ዋና ዋና ነጥቦቹን ብቻ።

ጥያቄ፦ ስዊም ላይ ላይኛው ማንሆል ገንፍሏል ይለኛል፣ ታችኛው ሰፈር ግን ደረቅ ነው። በእውን ሁልጊዜ የሚጥለቀለቀው ታችኛው ነው። ሞዴሉ ተበላሽቶብኝ ነው?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ደስ ብሎኛል እህቴ። አልተበላሸም፣ አላው ፖንዲንግ (ውሃው ይጠራቀም) የሚለውን ምርጫ ሳታበሪው ቀርተሽ ይመስለኛል። እሱ ካልተነካ ስዊም ከማንሆል የገነፈለውን ውሃ ከሲስተሙ አውጥቶ ይጥለዋል፣ ጠፋ ማለት ነው፣ ታች የሚደርሰው ትቦው የቻለው ብቻ ይሆናል። እሱን ብታበሪው እንኳን ውሃው እዛው ማንሆሉ ላይ ተጠራቅሞ ይጠብቃል እንጂ መንገድ ለመንገድ አይወርድም፣ የኛ ጎርፍ ደግሞ መንገዱን ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ አስፋልቱን ራሱን እንደ ክፍት ቦይ አድርገሽ ከትቦው ጎን ለጎን ሳይው። ሌላ፣ ራውቲንጉ (ውሃው በትቦው ሲጓዝ የሚሰላበት ዘዴ) ካይነማቲክ ዌቭ ላይ ከሆነ ውሃ ወደ ኋላ ሲመለስ አያይልሽም፣ የታችኛው ካልቨርት ሲታፈን ላይ ምን እንደሚሆን ማየት የምትችይው በዳይናሚክ ዌቭ ነው፣ ታይም ስቴፑን (ስሌቱ በየስንት ጊዜው እንደሚደገም) ግን ወደ ሰከንዶች አውርጂው አለዚያ ውጤቱ ይዘላል። ከዛ ሪፖርቱ ላይ ኮንቲንዩቲ ኤረሩን (በገባውና በወጣው ውሃ መካከል ያለውን የስሌት ስህተት) እይ፣ 10 ፐርሰንት ካለፈ ውጤቱን ለማንም እንዳታሳይ።

ጥያቄ፦ የዝናብ ዳታ ከየት ነው?

መልስ፦ የኢትዮጵያ መንገዶች ባለስልጣን የ2013 (በፈረንጅ) ድሬኔጅ ማኑዋል ላይ አይዲኤፍ ከርቭ (የዝናብ ኢንቴንሲቲ፣ ቆይታና ድግግሞሽ ግራፍ) በዝናብ ክልል ተከፋፍሎ አለ፣ ከሱ ጀምር። ከሜትሮሎጂ ብዙ ጊዜ የምታገኘው የ24 ሰዓት ድምር ነው፣ ድምሩን ለ24 አካፍለህ ኢንቴንሲቲ እንዳትለው፣ የኛ ዝናብ በግማሽ ሰዓት ነው ጉዱን የሚያሳየው።

ጥያቄ፦ የ10 ዓመት ጎርፍ ማለት አንዴ ከመጣ 10 ዓመት እንተኛለን ማለት ነው?

መልስ፦ አይ፣ በየዓመቱ 10 ፐርሰንት ዕድል ማለት ነው። በ10 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣቱ ዕድል 65 ፐርሰንት ነው። ለሁለት ተከታታይ ዓመትም ሊመጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኢፓኔት ላይ ፕሬዠሩ ኔጌቲቭ ይወጣብኛል፣ ውሃው ግን በፈረቃም ቢሆን ይመጣል።

መልስ፦ ነባሩ ኢፓኔት ሁሉም ሰው የፈለገውን ውሃ አግኝቷል ብሎ ነው የሚነሳው፣ ሳይበቃ ሲቀር ፕሬዠሩን ከዜሮ በታች ያወርደዋል። 2.2 ቨርዥን ላይ ፍጆታው በፕሬዠር የሚወሰንበት አማራጭ አለ፣ እሱን ተጠቀም። በፈረቃ ሰፈር ደግሞ ውሃ ሲለቀቅ ሁሉም ሮቶውን በአንዴ ነው የሚሞላው፣ የቀን ፍጆታ ፓተርን ከመጽሐፍ አትገልብጥ፣ ሮቶውን እንደ ታንክ አስገባው።

ጥያቄ፦ ስዊም ብቻ ተምሬ ስራ አገኛለሁ?

መልስ፦ ብቻውን አይ። ሲቪል ስሪዲ (የንድፍ ሶፍትዌር) እና ኳንቲቲ (የስራ መጠን ስሌት) መስራት ጨምርበት።

ጥያቄ፦ እኔ ኢንጂነር አይደለሁም። ቤታችን ፊት ያለው ዲች በየክረምቱ ይሞላና ግቢ ይገባል፣ እናቴ ሌሊት ቆማ ነው የምታድረው። ቀበሌ ይስፋ ብለን እናመልክት ወይ?

መልስ፦ እናትህን እግዜር ያበርታልህ። ከማመልከታችሁ በፊት ውስጡን እዩት። የግንብ ዲች 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ ስሎፑ 1 ፐርሰንት ቢሆን፣ ንፁህ ሆኖ በሰከንድ 2.4 ሜትር ኪዩብ ያህል ያሳልፋል። ግማሹን ደለል ሲይዘው ግማሽ እንዳይመስልህ የሚቀረው፣ 1 ሜትር ኪዩብ ገደማ ነው። ይሄ ሃይላንድና ፌስታል ሳይቆጠር ነው፣ ሞዴል ደግሞ ፌስታል አያውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ይጠረግ፣ ከዛ ተከትላችሁት ውረዱና መጨረሻው የት እንደሆነ አረጋግጡ፣ መውጫ ሳይሰራለት የሰው አጥር ስር የሚያልቅ ዲች አይቻለሁ፣ እሱን ማስፋት ውሃውን ለጎረቤት ማቀበል ነው። ተጠርጎም መውጫ ኖሮትም ከሞላ ያኔ አመልክቱ። ወርድና ጥልቀቱን፣ ጎርፉ ግድግዳችሁ ላይ የተወውን ምልክት ከፍታ በሜትር ለክተህ ከፎቶ ጋር እዚህ ላክልኝ፣ ስንት እንደሚያሳልፍ አስልቼ ከማመልከቻው ጋር የምታያይዙትን እፅፍላችኋለሁ።